ከስድስት ሊትር በላይ

የማደያው ቀጂ ናፍጣውን ሲለቀው ፈንታ ቆጣሪው ላይ አፈጠጠ። የሚኒባሱ ነዳጅ ታንክ ጠዋት እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብቻቸውን የነዱት ባለቤቱ አቶ ቀለመወርቅ ነበሩ። የመኪናዋ ስክሪን በሊትር አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። እውነት ከሆነ፣ ስድስት ሊትር ይሞላታል፤ ሹፌሩ ፈንታም ናፍጣ ሰርቋል ተብሎ ቁልፉን ያስረክባል።

«ታቦት ይዘህ ብትምል እንኳ ማሽን አይዋሽም!» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

«ትሙላና እናያለን፣ ጋሼ። ዛሬ እኔ አልነካኋት።»

ቁጥሩ ስድስት ደረሰ። ናፍጣው አልቆመም። ስድስት ተኩል። ሰባት።

«ኧረ ጠጣችው!» እያሉ የተሰለፉት ሹፌሮች አፏጩ።

ሰባት ተኩል ላይ ናፍጣው ታንኩ አፍ ላይ ታየ።

«በሊትር አሥራ ሁለት!» ፈንታ ዘለለ።

አቶ ቀለመወርቅ ወደ ሰልፉ ዞሩ። ትናንት ፈንታን ሌባ ብለው የሰደቡት እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ማደያ፣ በእነዚሁ ሹፌሮች ፊት ነበር።

«ሰዎች፣ ሌባው ተገኝቷል!» ብለው ጮኹ።

ፈንታ ክው አለ።

እሳቸው ግን በመስኮቱ እጃቸውን ሰድደው ስክሪኑን በጥፊ አጮሉት።

«ይኸውላችሁ!»