በር ላይ የሚስለው ሰው

«ሌላስ? አስተያየት ያለው?» ይላል የቋንቋ መምህራችን፣ ከሳቅ ብዛት የወጣ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ።

ቴአትሩ አሁን ማለቁ ነው። ተዋንያኑ የፊታቸውን ቀለም ሳይታጠቡ መድረኩ ጫፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እስካሁን የተነሳው ተማሪ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሳሉ ነው።

ሳሉ እንዲህ ነው። ባልየው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «እህም! እህም!» ይላል። ሚስት ውሽማዋን እየገፈተረች ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ባል ይገባል፣ ውሽማው ያነጥሳል፣ ባል ደግሞ «ቁም ሳጥናችንን ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ» ብሎ ይተኛል። አራት ጊዜ ሳለ፣ አራት ጊዜ አዳራሹ ተናጋ። የመጀመሪያውን እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

«እንዲህ ያለ ቂል!» ይላል ከኋላዬ፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የምንለው ልጅ። «ሌባውን 'መጣሁልህ፣ አምልጥ' የሚል ዘበኛ!»

እንደገና ሳቅ። እጄን አወጣለሁ።

ጓደኛዬ ቀሚሴን ትጎትታለች። ከክፍሉ የቤታችንን ነገር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «ተይ፣ እባክሽ» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ሆድ ይፍጀው።»

ስንት ዓመት ይፍጀው? እነሳለሁ።

«ሰውየው ቂል አይደለም» እላለሁ። «ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ በገዛ ቤቱ በር ላይ ለምን ይስላል?»

መምህሩ ፈገግ ይላል። «ቀልድ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ። ቁጭ በይ።»

«አባቴም በር ላይ ይስላል።»

ሬዲዮ ከኋላዬ አንገቱን ያሰግጋል። ከአፌ ወጥቷል፤ ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያወራዋል። ያውራ!

«እኔና ታናሽ ወንድሜ የቤት ሥራ እየሠራን ነበር እሱ ውጭ ቆሞ የሚስለው። ዘው ብሎ ቢገባ ጠብ ነው፣ ጠቡን የምናየው ደግሞ እኛ ነን። ለእኛ ብሎ ነው የሳለው። ጎረቤቱ ሲስቅበት እየሰማ ዝም አለ። እናቴ ጥላን ከሄደች አራት ዓመት ሆናት፣ እሱ ግን ዛሬም ሳይስል አይገባም።»

«በቃ፣ ገብቶናል» ይላል መምህሩ። አሁን አይስቅም። «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ተቀመጪ።»

«ቲኬት ቆርጠን ስንስቅ የዋልነው በምን ሆነና ነው፣ ጋሼ?»

ምን ቆርጦኝ እቀመጣለሁ!

ባልየውን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ከመድረኩ ጫፍ ይነሳል። ጎልማሳ ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ፊቱ የደከመ ነው። «ቆይ፣ መምህር» ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ከሳለ በኋላ ምን ያደርጋል? ወዲያው ይገባል?»

«አይገባም። የጫማውን ጭቃ ይጠርጋል። ጭቃ ባይኖርም ይጠርጋል። ያኔ የጓሮው በር ሲዘጋ እስኪሰማ ድረስ ነበር።»

ተዋናዩ ራሱን ይነቀንቃል። የመድረኩን የጣውላ በር ከፍቶ ይወጣና ከኋላው ይዘጋዋል።

አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ይስላል። ከዚያ ጫማው ወለሉን ሲፍቅ ይሰማል። ይፍቃል፣ ይፍቃል፣ አይገባም።

የሚስቅ የለም። እኔ እንደቆምኩ ነኝ።