ሴይ እና ቴል

ሰውየው የተሰደበው ስምንተኛ ክፍል ሳለ፣ ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ ነው፤ የሰደቡት ደግሞ ቲቸር ዘርይሁን ናቸው። "ማይ ፋዘር ሰይድ ሚ" ብሎ እንግሊዝኛ ሲያነብ፣ "'ቶልድ ሚ' ነው የሚባለው፣ ደነዝ! አንተ አፍህን ለምግብ ብቻ ክፈተው!" አሉት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱም በዚያው ትምህርቱን ተወ፤ ቂሙን ግን አልተወም።

ይኸው ዛሬ ቲቸር ሸብተው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሴት ልጁን ለጎረቤታቸው ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ሳሎኑ ውስጥ ቆመዋል። ደንቡ ነው፤ ተቀመጡ እስኪባሉ አይቀመጡም። እሱም ተቀመጡ አላለም። ልጅቷ ከጓዳው በር ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች።

"ቲቸር፣ ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝን አንድ ነገር ይመልሱልኝ" አለ። "የ'ሴይ' እና የ'ቴል' ልዩነት ምንድን ነው? 'ሰይድ ሚ' ለምን አይባልም? ከመለሱ ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ቲቸር ሳቃቸው መጣ። "ኧረ በስመ አብ! እኔ እኮ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት ብትወልድ ጊዜ ነው ያስገቡኝ። መጽሐፉ ላይ ያየሁትን ነበር የምጮኸው፤ ልዩነቱን ዛሬም አላውቀውም።"

አንደኛው ሽማግሌ፣ "ይህን ያህል ካንገበገበዎትማ እርስዎ ሳያጣሩት አልቀሩም፤ እስቲ ያስረዱን" አሉት።

አባትየው የቲቸርን ሰማያዊ ቱታ፣ ከኋላ ወንበር ማን ማን እንደሳቀ፣ ሁሉንም ያስታውሳል። ልዩነቱን ግን አንድም ቀን ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

"አባዬ" አለች ልጁ ከበሩ ጀርባ ቀስ ብላ፣ "እኔ ልመልስላቸው?"

አባትየው ኮቱን አነሳና በቆሙት ሽማግሌዎች መሃል አልፎ ወጣ።