እድር ጥሎ መሄድ

ሚስቱ ሱሉልታ ያለውን ቤት ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ግቢ አለው፤ አየሩ ንጹሕ ነው። የልጃችን ሳልም እዚያ ይሻለዋል» አለችው።

እሱም ቤቱን ወዶታል። የልጁም ሳል እንቅልፍ ነስቶታል። ግን ይሉኝታ ያዘው።

«አባቴን የቀበሩልኝን ሰዎች ጥዬ ልሂድ? እድሩ ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚኖረው ለመቀበር ነው እንዴ?» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። እሑድ ዕለት በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ፊት መናገር የሚያፍረው ሰውዬ እጁን አወጣ።

«ሱሉልታ ልገባ እንደሆነ ሰምታችኋል» አለ። «አልሄድም! እናንተን ትቼ የትም አልሄድም!»

ጭብጨባ ጠብቆ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ግን አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ ጉዴ!» ስትል ተሰማች።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሯል። «ሐሳብህን የምትቀይርበት መንገድ የለም?»

«የለም፣ ጋሼ! እዚሁ እሞታለሁ!»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኛ ሁላችንም እኮ ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከጨረስን ቆየን። እድሩን ጥለው ሄዱ እንዳንባል፣ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ስንጠብቅ ነበር። አንተ ልትሄድ ነው ሲባል ሰምተን፣ ይኸው ዕቃችንን ሁሉ አስረን ተቀምጠናል።»