ትራስ ውስጥ የተሰፋው ደረሰኝ

"ማሽኑ የኔ ነው! ልጄ ስሞትልህ... የኔ ነው!"

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ቀና አለ።

"እሺ እናቴ... ቀስ ይበሉ። ሁለታችሁም የኔ ነው ካላችሁ እኔ በመጋዝ ልክፈለው?"

ጠረጴዛው አጠገብ አንድ አሮጌ የስፌት ማሽን ቆሟል።

በአንድ በኩል ልብስ ሰፊዋ እናት... በሌላ በኩል ደግሞ ማሽኑ ሱቋ ውስጥ የተገኘባት ወጣት ልብስ ሰፊ።

እናት ከሁለት ወር በፊት የተሰረቀባትን ማሽን ዛሬ ጠዋት በመንገድ ስታልፍ በዚያች ሱቅ በር አየችው። ጮኸች... ሰው ተሰበሰበ... ሁሉም ተያይዘው ጣቢያ መጡ።

"በምን አወቁት?" አለ ፖሊሱ።

"መርገጫውን እየው ልጄ። በቀኝ በኩል ብቻ ነው የተበላው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የረገጥኩት በዚህ እግሬ ነው። ግራው ያመኛል።"

ባለሱቋ ሳቀች። "እትዬ፣ እኔም እኮ በቀኜ ነው የምረግጠው!"

"ደረሰኝ አለዎት?" አለ ፖሊሱ ለእናት።

የእናት ፊት በራ...

ምክንያቱም እሷ ዕቃ መጠበቅን ተምራለች።

መጀመሪያ ከገመድ ላይ የደንበኛ ልብስ ተሰረቀባት። ቀጥሎ ካውያዋ ሄደ። ያኔ አንድያ ልጇ ተቆጣ።

"እማ፣ አንቺ እኮ የዋህነትሽ በዛ! ሁሉንም ሰው ሌባ ነው ብለሽ ካላሰብሽ ባዶ ቤት ነው የምትቀሪው!"

የበሩን ቁልፍ በትልቅ ቀየረው። የማሽኑን እግር ከመስኮቱ ብረት ጋር በሰንሰለት አሰረው። ቁልፎቹን በክር አድርጎ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት።

"ደረሰኙንም መሳቢያ ውስጥ እንዳታስቀምጪ። ሌባ ከመጣ ማሽኑን ከነመሳቢያው ነው የሚያነሳው። ትራስሽ ውስጥ ስፊው። ትራስ የሚሰርቅ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሳቀች... ሰፋችው... በልጇም ኮራች።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ልብስ አድርሳ ስትመለስ ማሽኑ የለም። በሩ አልተሰበረም። ሰንሰለቱም አልተቆረጠም።

"የዘንድሮ ሌባ ለሁሉም በር ቁልፍ አለው እማ" አላት ልጇ። ጣቢያ እንሂድ ስትለው ደግሞ "ጫማሽን ነው የምትጨርሺው" ብሎ አስቀራት።

"አለኝ!" አለችው አሁን ፖሊሱን። "ደረሰኙ ቤቴ ነው፣ ትራሴ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። አሁኑኑ ሮጬ አመጣለሁ!"

"አይድከሙ እትዬ..."

ባለሱቋ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

"ይኸው ደረሰኙ። እኔ የሌባ ዕቃ አልገዛም። ከነወረቀቱ ነው የሸጠልኝ።"

እናት ወረቀቱን አየችው።

ዳር ዳሩን የመርፌ ቀዳዳ አለበት...

የራሷ ስፌት።

"ማነው... የሸጠልሽ?" አለቻት።

"የባለቤቷ ልጅ ነዋ! እናቱ ሞታበት ነው። ማሽኑን ባየሁ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች፣ አልቻልኩም ብሎ አለቀሰ። እኔ ሞኟም አብሬው አለቀስኩ። ቀጠን ያለ፣ ሲያወራ ጆሮውን የሚያሻሽ ልጅ ነው። መቶ ሰው መሃል ብታቆሙት ለይቼ አወጣዋለሁ።"

ያንን ጆሮ ስንት ጊዜ አጥባዋለች...

ፖሊሱ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ።

"እዚህ ላይ የሴት ስም አለ። የሟቿ መሆኑ ነው።" ወደ እናት ዞረ። "እስካሁን አልመዘገብኩዎትም። የእርስዎ ስም ማን ነው እናቴ?"

ስሟን ከተናገረች ማሽኗ ይመለሳል። የቤት ኪራይዋም፣ የምትበላውም በእሱ ነው።

ስሟን ከተናገረች ግን... ፖሊስ ዛሬውኑ ልጇን ፍለጋ ይወጣል።

የሌላ ሰው ስም ተናገረች።

"ታዲያ ማሽኑስ?"

"ተሳስቻለሁ ልጄ። ዓይኔ ደክሟል... የኔ አይደለም።"

"ኧረ እናቴ!" ፖሊሱ ተበሳጨ። "ሰው መሃል ሌባ ብለው የልጅቷን ስም አጥፍተው? በሉ ይቅርታ ይጠይቋት!"

ጠየቀች።

ባለሱቋ ክፉ ሰው አልነበረችም። በሩ ጋ ደረሰችባት።

"እትዬ፣ እርስዎም ቢሰረቅብዎ ነው እንጂ እንዲህ አይሆኑም። የልብስ ቁልፍ መትከልና ጫፍ ማጠፍ ከቻሉ እኔ ጋ ይምጡ፣ ሥራ አላጣም።"

ቤት ስትገባ ልጇ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል።

"ዛሬ ማሽኑን ያየሁት መስሎኝ ነበር" አለችው።

ብድግ አለ። "የት?"

"የኔ አይደለም። የአንዲት የሞተች ሴት ነው አሉኝ።"

ልጁ ጆሮውን አሻሸ።

አሁን እናት እዚያች ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ማሽኑን ግን አትነካውም፤ ባለሱቋ ዕቃዋን ሰው ሲነካባት አትወድም።

የምትጠራውም በዚያ በውሸት ስሟ ነው።

ባለሱቋ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን በጨርቅ ስትወለውል "የባለቤቷን ነፍስ ይማር" ትላለች።

"አሜን" ትላለች እናት።

ወዳጆቼ... በራችሁን ቆልፉ። ደረሰኛችሁን ከዕቃው ለይታችሁ አስቀምጡ። ይሄ ጥሩ ትምህርት ነው።

ግን የምንማረው ሁሉ ከውጭ ለሚመጣ ሌባ ነው። ቁልፉን አንገታችሁ ላይ ከሚያንጠለጥልላችሁ ሰው እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስተምር አላየሁም... እኔም አላውቅም።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ለፖሊሱ ስማችሁን ትነግሩት ነበር? ሳታፍሩ እውነቱን ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።