የመጨረሻው ባንድ ሂስ

የፕሮግረሲቭ ሮክ ፌስቲቫሉ አዘጋጆች ሐያሲውን እንደ ልማዳቸው ከመድረኩ ሥር፣ ከትልቁ ስፒከር ፊት አስቀመጡት። ሥራ ላይ ሳለ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። ሙዚቀኞቹ ይፈሩታል፤ ብዕሩ ስንቱን ባንድ አፈር ድሜ አብልቷል!

እግሩን ከመድረኩ ጣውላ ላይ አስደግፎ፣ የሙዚቀኞቹን ጣቶች ሩጫ እያየ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ባንድ «አንዲት ዜማ ሲያላምጥ ዋለ» አለው። ሁለተኛውን ደግሞ «ኪቦርዱና ጊታሩ የተኳረፉ ይመስላሉ» ብሎ ሸኘው።

አመሻሹ ላይ የመጨረሻው ባንድ ወጣ። ሐያሲው ሰልችቶት እግሩን ከጣውላው አውርዷል። ድምፃዊው ማይኩን ይዞ ጥቂት ተናገረና ጀመሩ። የጊታሪስቶቹ ጣቶች ይርገበገባሉ፤ የድራመሩ እጆች ይወናጨፋሉ። ሕዝቡ ግን አይጨፍርም፤ ደርቆ ቆሟል። ሐያሲው ከንፈሩን አጣሞ ጻፈ፦

«ድራሙ ጊታሩን ውጦታል። ሕዝቡም ከጩኸቱ ብዛት ደንዝዟል። ለእነዚህ ልጆች ዝምታ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው የለም።»

ጽሑፉን አብራው ለመጣችው የጋዜጣው ፎቶ አንሺ፣ ለዘቢደር አቀበላት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው። ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ብዕሩን ከእጁ ወስዳ፣ ከጽሑፉ ሥር በትልልቅ ፊደል ጻፈችለት፦

«ጋሼ፣ ይኼ ለሞተው ቤዝ ጊታሪስታቸው መታሰቢያ ነው። ከጀመሩ ወዲህ አንዲት ድምፅ አላሰሙም።»