ስፒናው

አናጺው የኤሌክትሪክ መጋዙን አጠፋ፤ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለና ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። የሚቀበለው ጠፋ። ከሐዘን ተነስቶ ሥራ የገባበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ እጁ ግን የታላቅ ወንድሙን ሞት ገና አልሰማም።

የሟች ሚስት የባሏን ካፖርት ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ልትወጣ ስትል አየችው። "ምን ልቀበልህ?" አለችው።

"ተይው እታለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የመጋዙን ጥርስ ስቀይር ሰው ሳያውቅ እንዳይሰካብኝ ስፒናውን የሚይዝልኝ ጋሼ ነበር። ጨብጦ 'ይዤዋለሁ' ካላለኝ ጥርሱ የታሰረበትን ብሎን አልነካም። አንድ ቀን ቸኩዬ ብነካው፣ ጢም ያወጣሁትን ሰውዬ ደንበኛ ፊት በኩርኩም አለኝ።" ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ሴትዮዋ ካፖርቱን አቀፈች። "ለካ ይሄ ኖሯል" አለች። "ሊያርፍ ሲል ቀኝ እጁን ጨብጦ 'ይዤዋለሁ፣ አይዞህ፣ ፍታው' ይል ነበር። ምኑን ይሆን የያዘው ብዬ ጣቶቹን ባላቅቃቸው ባዶ ናቸው። መልሶ ይጨብጣቸዋል።"

አናጺው የብሎኑን መፍቻ አነሳና መጋዙ ላይ አጎነበሰ። እሷም ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስፒናውን ከእጁ ወሰደች፤ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ጨበጠችው። እሱ እንዳጎነበሰ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ገብቷታል፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት።

እሱም ብሎኑን አልነካም።