የባቡር ነጂው ጡሩምባ

ጡረተኛው ባቡር ነጂ ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ገንብቶ ጨርሷል፤ ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ ይነዳው የነበረውን ባቡር ሳይቀር። የቀረው ጡሩምባው ብቻ ነበር። በደጉ ዘመን ወደ ከተማው ሲቃረብ ሁለቴ አሳጥሮ፣ አንዴ አስረዝሞ ሲነፋ ጅቡቲ ያለ ግመል ሁሉ ይደነብር፣ ሚስቱም «የኔው ነው» ብላ ምሳ ታቀርብ ነበር። አሁን በሽታ ትዝታዋን ጠራርጎ ወስዶ ባሏን አታውቀውም። ይህን ድምፅ ከሰማች ታስታውሰኛለች ብሎ ነው ክረምቱን ሙሉ ከሽቦ ጋር ሲታገል የከረመው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ዛሬም መጫወቻዎን ይዘው መጡ?» አለችው፣ የጨረሰውን ጡሩምባ ጠረጴዛው ላይ ሲገጥም እያየች።

«ዝም ብለሽ ስሚ፣ አሰለፈች! ይሄን የሰማ ሙት እንኳ ይነሳል!»

ትንሿ ባቡር ጣቢያው ስትደርስ ጡሩምባው በራሱ ጮኸ፤ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። አሰለፈች ብድግ አለች። ፊቷ እንደ ሙሽራ በራ።

«ባሌ! ባሌ መጣ!»

እንባው እየቀደመው ሁለት እጁን ዘረጋላት። እሷ ጫማውን ከወለሉ አንስታ አስታቀፈችው።

«ምን ይገተራሉ? በጓሮ በኩል ይውጡ እንጂ! ቀናተኛ ነው፤ እዚህ ካገኘዎት ይገድልዎታል!»

በካልሲው ወጣ። እሷም ከኋላው በሩን ቀረቀረችው።